ድምፁን የተነጠቀ ተወዳዳሪ

 

አንድ ሰው ኩሬ ዳር ቆሟል። ራሱ ላይ ሄልሜት አድርጓል። ከፊቱ ውኃው ላይ ድንጋይ የሚመስሉ መረማመጃዎች ተደርድረዋል። አንዳንዶቹ ከሥር የተተከሉ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ግን እንዲሁ የተንሳፈፉ፣ ሲረግጧቸው የሚሰምጡ ናቸው። በዓይን አይለዩም። ሰውየው እየሮጠ አንዱን ረገጠ፣ ሁለተኛውን ረገጠ፣ ሦስተኛው ከዳው። ከነልብሱ ውኃ ውስጥ ገባ። ጥቂት ቆይቶ ራሱን ከውኃው አወጣና ወደ ካሜራው ዞሮ አንድ ነገር ተናገረ። አፉ ሲንቀሳቀስ በግልጽ ይታያል።

ምን አለ?

ዛሬ ማታ የምናገረው ሁሉ የሚነሣው ከዚህች ጥያቄ ነው። ይህን ምስል በብዙ አገር ያሉ ተመልካቾች አይተው እንባቸው እስኪመጣ ስቀዋል፤ ሰውየው ያለውን ግን አልሰሙም። ሌላ ሰው፣ በሌላ አገር ተቀምጦ፣ በሌላ ቋንቋ ተናግሮለታል። የተናገረለትም ያላለውን ነው።

ምስሉ «ፉኡን! ታኬሺ ጆ» ከሚባል የጃፓን ትርኢት የተወሰደ ነው። ዓለም «ታኬሺስ ካስል» እያለ ያውቀዋል፤ የታኬሺ ግንብ ማለት ነው። ቲቢኤስ የተባለው የጃፓን ቴሌቪዥን ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ1986 እስከ 1989 ዓርብ ዓርብ ማታ አቅርቦታል። (ለይቼ ካልተናገርሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ግንብ አለ፤ የግንቡ ጌታ ታኬሺ ነው። ተዋናዩ ሃያቶ ታኒ የጄኔራል ልብስ ለብሶ ወደ 100 የሚጠጉ ተራ ሰዎችን ያስከትልና ግንቡን ለመያዝ ይዘምታል። ዘማቾቹ በየመሰናክሉ እየተንጠባጠቡ ያልቃሉ። እስከ መጨረሻው የሚደርሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እነርሱም በትናንሽ ተሽከርካሪዎች ላይ ሆነው በውኃ ጠመንጃ ከግንቡ ጌታ ጋር ይዋጋሉ። ድል ያደረገ 1 ሚሊዮን የን ይሸለማል። በእነዚያ ዓመታት ሽልማቱን የወሰዱት በጣም ጥቂት ናቸው።

ጃፓናዊው ተመልካች ይህን ሲያይ የሚያየው እኛ የምናየውን አይደለም። በዚያን ጊዜ ጃፓን ውስጥ የሳሙራይ ዘመን ድራማ የቴሌቪዥን የዕለት እንጀራ ነበር፤ ግንቡ፣ ጦሩ፣ ጄኔራሉ፣ ፉከራው ሁሉ ከዚያ የተቀዳ ነው። ተመልካቹ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው ክቡር የጦር ታሪክ የቢሮ ሠራተኞችና ተማሪዎች ጭቃ ውስጥ የሚንደባለሉበት ጨዋታ ሲሆን አይቶ ይስቃል። በዚያ ላይ ጊዜው የቪዲዮ ጨዋታ ዘመን ነው፤ ሱፐር ማሪዮ የወጣው በ1985 ነበር። መሰናክል እየዘለሉ ወደ ግንብ መሮጥ ለዚያ ትውልድ እጁ ላይ ያለ ነገር ነው። ቀልዱ መነሻ አለው፤ ዐውድ አለው፤ ሰዎቹ በሚያውቁት ነገር ላይ እየቀለዱ ነው።

የግንቡ ጌታ ታኬሺ ኪታኖም ተራ ሰው አይደለም። «ማንዛይ» ከሚባለው የሁለት ሰው የቀልድ መድረክ የወጣ ሰው ነው። በማንዛይ አንዱ ይዘባርቃል፣ ሌላው ይቆጣዋል፣ ያርመዋል። «ቱ ቢት» በሚባለው ጥንድ ውስጥ የታኬሺ ምላስ መርዝ ነበር፤ ሽማግሌውን፣ ድኻውን፣ መልከ ጥፉውን አልማረም። ስለዚህ የመጀመሪያው ትርኢት ንጹሕ፣ የተተረጎመው ርኩስ ነው ብዬ ልከራከር አልመጣሁም። ይኸው ሰው በኋላ ፊልም አዘጋጅ ሆኖ በ1997 «ሃና ቢ» በተባለው ሥራው የቬኒስን የወርቅ አንበሳ ወስዷል። እንግዲህ ውኃ ውስጥ የሚወድቁትን ሰዎች ከግንቡ ላይ ሆኖ የሚያይ የነበረው የአገሩ አንደኛ ቀልደኛ ነው።

አንድ ታሪክ ልጨምር። በታኅሣሥ 1986 ታኬሺ ከተከታዮቹ ጋር ሆኖ ስለ ግል ሕይወቱ የጻፈበትን አንድ መጽሔት ቢሮ ሰብሮ ገባ። ነገሩ አገር ያወራው ወሬ ሆነ፤ እርሱም ለወራት ከቴሌቪዥን ራቀ። ትርኢቱ ግን አልቆመም። በግንቡ ጌታ ወንበር ላይ የታኬሺን ፊት የመሰለ ትልቅ የወረቀት ጭንብል ያጠለቀ ሰው አስቀመጡ። ጃፓናዊው ይህን ሲያይ የሚስቀው ከወሬው ጋር አያይዞ ነው። ጭንብሉ ማን እንደጠፋና ለምን እንደጠፋ ይናገራል። ወሬውን ያልሰማ የባዕድ አገር ሰው ግን የሚያየው ትልቅ ጭንቅላት ያለው እንግዳ ፍጡር ነው፤ «እነዚህ ሰዎች ጤነኞች አይደሉም» ብሎ ይስቃል። ምስሉ አንድ ነው፤ ሳቁ ግን ፍጹም ሁለት ነው።

በዚህ ነገር ላይ አማርኛችን ይረዳናል። «ሳቀ» እንላለን፤ «አሳቀ» እንላለን፤ «ሳቀበት» እንላለን፤ «ተሳሳቁ» እንላለን። «በት» የምትለዋ ትንሽ ቅጥያ ሰውየውን መሬት ላይ አንጥፋ ሌላውን ታቆምበታለች። «ተሳሳቁ» ስንል ግን ሁለቱም ቆመዋል፤ ሳቁ ይመላለሳል። በታኬሺ ግንብ ላይ የወደቀው ተወዳዳሪ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ ራሱም እየሳቀ ነው፤ ሊጫወት መጥቶ፣ ተጫውቶ ወድቋል። ይህን ሳቁን አይተን ከእርሱ ጋር መሳሳቅ እንችል ነበር። በተተረጎመው ውስጥ የቀረልን «ሳቀበት» ብቻ ነው።

የባዕድን ምስል በራስ ድምፅ አልብሶ ማሳቅ የተጀመረው በታኬሺ አይደለም። በ1966 አሜሪካዊው የፊልም አዘጋጅ ዉዲ አለን አንድ የጃፓን የስለላ ፊልም ወስዶ ድምፁን ሙሉ በሙሉ ጣለና ሌላ ታሪክ አለበሰው። «ዋትስ አፕ፣ ታይገር ሊሊ?» በተባለው በዚያ ፊልም ውስጥ ሰላዮቹ ሁሉ የሚጋደሉት ለአንድ የእንቁላል ሰላጣ አሠራር ነው። ጃፓኖቹ ተዋንያን በብርቱ ቁም ነገር ሲሮጡና ሲተኩሱ ከአፋቸው የሚወጣው ስለ ሰላጣ ነው። ዘዴው ይህ ነው፤ ከዚያ ወዲህም አልተለወጠም። የፊት ቁም ነገር ከድምፅ ከንቱነት ጋር ይጋጫል፤ ሳቁ ከግጭቱ ይወጣል። ፊቱ ይበልጥ በከበደ ቁጥር ሳቁ ይበረታል። ስለዚህ ዘዴው በተፈጥሮው የሌላውን ሰው ክብደት ይፈልጋል፤ ያለ እርሱ አይሠራም።

በ2003 በአሜሪካ ስፓይክ ቲቪ በተባለው ጣቢያ «ኤምኤክስሲ» የሚባለው ዝግጅት ተጀመረ፤ እስከ 2007 ዘለቀ። ይህ የታኬሺ ግንብ ነው፤ ነገር ግን ከጃፓንኛው አንድም ቃል አልተተረጎመም። ጸሐፊዎቹ ምስሉን ቆራርጠው እንደ አዲስ ቀጠሉትና ከባዶ ጽሑፍ ጻፉለት። ታኬሺና አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ቪክ ሮማኖና ኬኒ ብላንከንሺፕ የሚባሉ አሜሪካውያን የስፖርት ጋዜጠኞች ሆኑ። 100 የሚሆኑት ዘማቾች በሁለት ቡድን ተከፈሉ፤ የአንድ ሙያ ሰዎች ከሌላ ሙያ ሰዎች ጋር እንደሚጋጠሙ ተደርጎ ተነገረ። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪም ስም ወጣለት፤ ብዙ ጊዜ የብልግና ትርጉም ያለው ስም።

እውነቱን ልናገር፤ ይህን ዝግጅት ብዙ ጊዜ አይቼ ስቄያለሁ። የጽሑፉ ፍጥነት፣ ቃሉን ከአፍ እንቅስቃሴው ጋር የማዛመዱ ብልኀት የሚደነቅ ነው። በድምፅ ትርጉም ሙያ ላይ ያላችሁ ሁሉ ሥራው ምን ያህል እንደሚያደክም ታውቁታላችሁ። ደግሞም ለሥራው የሚቀርብ ክርክር አለ፤ ከባድ ክርክርም ነው። ኤምኤክስሲ ጃፓኖችን በተሰባበረ እንግሊዝኛ አያናግርም። ሁሉም የሚናገሩት እንደ አሜሪካዊ ነው። የሚያፌዝበትም የአሜሪካን የስፖርት ቴሌቪዥን ነው፤ የጋዜጠኞቹን ጉራ፣ መልሶ ማሳየቱን፣ ባዶ ትንተናውን። ስለዚህ ቀልዱ ወደ ራሳቸው የዞረ ነው ይባላል።

ግማሹን እቀበላለሁ። ሌላው ግማሽ ግን አልዋጥ ብሎኛል። ቀልዱ ወደ አሜሪካ ከዞረ፣ የጃፓኖቹ ገላ ለምን አስፈለገ? አሜሪካዊ ጋዜጠኛ አስቀምጦ በአሜሪካዊ ሯጭ ላይ ማፌዝ ይቻል ነበር። ያልተደረገበትን ምክንያት ሳስበው የማገኘው መልስ አንድ ነው። አሜሪካዊው ሯጭ በማግሥቱ ስልክ ይደውላል፤ ጠበቃ ያቆማል፤ «ይህን አላልሁም» ይላል። በዮኮሃማ ስቱዲዮ ከ15 ዓመት በፊት ውኃ ውስጥ የወደቀው የቢሮ ሠራተኛ ግን በአፉ ላይ ምን እንደተጫነበት አያውቅም። ጸያፍ ስም ተሰጥቶታል፤ ጸያፍ ታሪክ ተለጥፎበታል፤ እርሱ ምናልባት «ውኃው ይቀዘቅዛል» ነበር ያለው። ገላው የተመረጠው መልስ ስለማይሰጥ ነው።

እስቲ ሁለት ሰዎችን እናንሣ፤ ሁለቱም የአደባባይ ሰዎች ናቸው። ኬኒ ብላንከንሺፕ የተባለው፣ ከታኬሺ አጠገብ የሚቀመጠው ሰው፣ በጃፓን ሶኖማንማ ሂጋሺ በሚል የመድረክ ስም ይታወቅ ነበር። በ2007 ኤምኤክስሲ ገና በአየር ላይ ሳለ ይህ ሰው ለምርጫ ተወዳድሮ የሚያዛኪ ግዛት ገዥ ሆነ። ሁለተኛው በዚያው ትርኢት የታየው ጁንጂ ኢናጋዋ ነው። በኤምኤክስሲ ውስጥ ሴት ሲያይ ምራቁን የሚውጥ ባለጌ ሆኖ ነው የሚታወቀው። በአገሩ ግን ጁንጂ ኢናጋዋ የሙታን መናፍስትን ታሪክ በመተረክ የታወቀ ሰው ነው፤ በበጋ ምሽት ሕዝብ ተሰብስቦ ድምፁን ለመስማት ይቀመጣል። ዝናው በድምፁ ነው። ሰውየውን ወስደው ያስቀሩበትም ድምፁን ነው።

ከኤምኤክስሲ ጋር የሚነጻጸር፣ ከእርሱ የከፋም የምለው ሌላ ሥራ አለ። በ2001 የእንግሊዙ ቻናል 4 «ባንዛይ» የሚል ትርኢት አቀረበ። ይህ የጃፓን አይደለም፤ እንግሊዞች ራሳቸው ያዘጋጁት፣ ጃፓናዊ የመሰለ የውርርድ ጨዋታ ነው። ተራኪው በትውልድ ቻይናዊ የሆነው እንግሊዛዊ ተዋናይ በርት ክዎክ ሲሆን የሚናገረው ሆን ተብሎ በተጣመመ እንግሊዝኛ ነው። እዚህ ላይ የተዋሱት ገላ እንኳ የለም፤ ጃፓንን ራሳቸው ፈጥረው ራሳቸው ሳቁባት። ትርኢቱ በ2003 ፎክስ በተባለው ጣቢያ ወደ አሜሪካ ሲገባ የእስያ ተወላጅ አሜሪካውያን ማኅበር በግልጽ ተቃወመው። ተቃዋሚዎቹ ያሉትን የሚያቃልል ሰው ጥቂት ወደ ኋላ ሄዶ ይመልከት። በ1961 አሜሪካዊው ተዋናይ ሚኪ ሩኒ «ብሬክፋስት አት ቲፋኒስ» በተባለው ፊልም ውስጥ ጥርሱን አግጥጦ ጃፓናዊ ሆኖ ተጫውቷል። በ1982 ደግሞ «የጃፓን መኪና እንጀራችንን ነጠቀን» የሚል ቁጣ በነገሠባት በዲትሮይት አካባቢ ቪንሰንት ቺን የተባለ የ27 ዓመት ወጣት በቤዝቦል ዱላ ተደብድቦ ሞተ። ደብዳቢዎቹ በመኪና ኢንዱስትሪ የሠሩ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ቺን ጃፓናዊ እንኳ አልነበረም፤ ቻይናዊ አሜሪካዊ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሁለቱን በ3 ዓመት የገደብ ቅጣትና በ3,000 ዶላር መቀጫ አሰናበታቸው። ሳቅ ገደለው አልልም። ነገር ግን አንዱ ፊት ከሌላው የማይለይበት፣ «እነርሱ» ሁሉ አንድ ናቸው የሚባልበት አገር ውስጥ፣ ስም የሌለው የእስያ ፊት በየሳምንቱ ሲወድቅ ማሳየት ባዶ ሜዳ ላይ የተደረገ ጨዋታ አይደለም።

እንግሊዝ ውስጥ የጃፓን ቴሌቪዥን «ጨካኝና እብድ» ነው የሚለውን ስም ያስተከለው ከሁሉ በፊት የቴሌቪዥን አቅራቢው የክላይቭ ጄምስ ዝግጅት ይመስለኛል። ጄምስ በ1982 አይቲቪ በተባለው ጣቢያ በጀመረው ዝግጅቱ «ዛ ጋማን» ከተባለው የጃፓን የጽናት ውድድር እየቀነጨበ ያሳይ ነበር። ተማሪዎች ሥቃይ ሲችሉ፣ የሚያስጠላ ነገር ሲበሉ ይታያል፤ እንግሊዛዊው ተመልካች አፉን ይዞ ይስቃል፤ «እኛ እንዲህ አንሆንም» ይላል። በ2002 እዚያው አይቲቪ ላይ የእንግሊዝ ዝነኞች ጫካ ውስጥ ገብተው ነፍሳት የሚበሉበት ዝግጅት ተጀመረ፤ ዛሬም ድረስ ይታያል። አሜሪካም እንዲሁ ናት። በ2008 ኤቢሲ «ዋይፕ አውት» የሚል፣ ሰዎች መሰናክል እየዘለሉ ውኃ ውስጥ የሚወድቁበት ዝግጅት ጀመረ። ቲቢኤስ ከእኔ የተቀዳ ነው ብሎ ፍርድ ቤት ወሰደው፤ ጉዳዩ በ2011 በስምምነት ተቋጨ። እንግዲህ ሲያላግጡበት የነበረውን ነገር ራሳቸው ይፈልጉት ነበር ማለት ነው።

ሁሉም ትርጉም ግን አንድ አይደለም፤ ይህን ካልተናገርሁ ፍርዴ የተዛባ ይሆናል። በሕንድ ፖጎ በተባለው የልጆች ጣቢያ የታኬሺን ግንብ በሂንዲ የተረከው ተዋናይ ጃቬድ ጃፍሪ ነው። እርሱም ቀልዷል፤ ለተወዳዳሪዎቹም የሕንድ ስም አውጥቷል። ይሁን እንጂ የወደቀው ሰው የሰፈር ሰው ሆኖ ነው የወደቀው። ብዙ የሕንድ ልጆች በዚያ ድምፅ አድገዋል።

ከዚህም የሚልቀው በአካባቢያችን በኡጋንዳ ያለ ነው። በካምፓላ የቪዲዮ አዳራሾች ውስጥ «ቪጄ» የሚባሉ ሰዎች አሉ። ማይክራፎን ይዘው ከማያ ገጹ አጠገብ ይቀመጡና የሆሊውድን ፊልም በሉጋንዳ ይተርካሉ፤ ይተረጉማሉ፣ ያብራራሉ፣ ይቀልዳሉ። ከተመልካቹ ጋር አንድ አዳራሽ ውስጥ ናቸው፤ ቀልዱ ካልጣመ ወዲያው ይሰሙታል። የሚቀልዱበትም በዓለም ሁሉ ድምፁ በሚሰማው በሆሊውድ ላይ ነው። ሆሊውድ ዝም አልተባለም፤ ሊባልም አይችልም። ከዚህም አልፈው በራሳቸው ፊልም ላይ ራሳቸው ይቀልዳሉ። በ2010 በካምፓላ ዋካሊጋ ሰፈር አይዛክ ናብዋና የሠራው «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የሚለው ፊልም ዓለም የወደደው ከነቪጄ ኤሚ ድምፁ ነው። የቀላጁም የተቀለደበትም ሰፈር አንድ ነው።

ይህን ሳይ ትዝ የሚለኝ የእኛው የአዝማሪ ቤት ነው። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ይዞራል። አንዱ እንግዳ «ተቀበል» ይልና ግጥም ይሰጠዋል፤ ግጥሙ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ይወጋል። አዝማሪው ተቀብሎ ያዜመዋል። በድምፅ ደረጃ ካያችሁት ይህም ትርጉም ነው፤ የአንዱ ቃል በሌላው አፍ ይወጣል። ነገር ግን የተወጋው ሰው እዚያው ተቀምጧል። እርሱም «ተቀበል» ይላል። ያው አዝማሪ፣ ያው ማሲንቆ፣ አሁን ለእርሱ ያዜማል። ሽሙጡ መራራ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ ግን የሚስቀው ተራ በተራ ነው። አዝማሪ ቤት ያደገ ሰው መልስ የማይሰጥን ሰው መሸርደድ ጨዋታ እንዳልሆነ ያውቃል። ቀድሞ ዘመን ንጉሥ ቃሉን የሚያሰማበት «አፈ ንጉሥ» የሚባል ባለሥልጣን ነበር፤ የሌላ ሰው አፍ መሆን በእኛ ዘንድ ማዕረግም አደራም ነበር።

በድምፅ ትርጉም ሥራ ላይ ያላችሁ ወጣቶች፣ አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር ሥርጭት ጀምሮ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ ብዙ የጥበብ ሰዎች ተቃውመው ነበር። ክርክሩ የባዕድ ታሪክ የእኛን ባህልና የእኛን ሥራ ይበላብናል የሚል ነበር። ክርክሩን አላቃልለውም፤ የብዙ ሰው እንጀራ ነበረበት። ነገር ግን ሁሉም የተነጋገረው እነርሱ በእኛ ላይ ስለሚያደርጉት ነው። እኛ ድምፅ በምናለብሳቸው ሰዎች ላይ ምን እናደርጋለን ብሎ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም። ዛሬ ደግሞ ነገሩ ከጣቢያ ወጥቶ ስልካችን ላይ ገብቷል። የቻይና ገበሬ፣ የሕንድ ሙሽራ፣ የአፍሪካ ወታደር ቅንጣቢ ቪዲዮ ይወሰድና በአማርኛ ድምፅ ይለብሳል፤ ያስቃል። ከሠሪዎቹ መካከል በእውነት ባለ ተሰጥዖ የሆኑ አሉ።

ስታዩዋቸው ግን አንድ ነገር አስተውሉ። ሞኙ ሲናገር በማን አነጋገር ነው የሚናገረው? ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ቻይናዊ ነው፤ ከአፉ የሚወጣው ግን የአንድ የአገራችን ብሔረሰብ አማርኛ ነው፤ ወይም ከገጠር የመጣ የቤት ሠራተኛ አነጋገር ነው፤ ወይም የዘበኛ ነው። ብልኁ ሲናገር ደግሞ በአዲስ አበባ አነጋገር ይናገራል። ይህን ስሰማ ቻይናዊውን እረሳዋለሁ። ቻይናዊው አልሰማም፤ አይሰማምም። የሚሰማው ቤት ውስጥ ወለል የምታጸዳው ልጅ ናት። የእርስዋ «ረ» እና «ቀ»፣ የእናትዋ ቤት ቋንቋ የቀረጸው አንደበትዋ፣ የሞኝ ምልክት ሆኖ ሳሎን ውስጥ ይጮኻል፤ ቤተሰቡ ይስቃል፤ እርስዋም ከቆመችበት ትስቃለች፤ ምን ታድርግ? ኤምኤክስሲም ውስጥ ያስተዋልሁት ይህንኑ ነው። ገላው የጃፓን ሆኖ ብልግናው በሴቶች ላይ፣ አሜሪካ ውስጥ በሚናቀው ሁሉ ላይ ያርፍ ነበር። ምስሉ ከሩቅ ሲመጣ ሰው ጥንቃቄውን ይጥላል፤ «ይህ እኮ የጃፓን ነው» ይላል። በራሱ አገር ሰው ፊት የማይደፍረውን ስድብ በባዕድ ገላ በኩል ያወጣዋል። ስለዚህ የድምፅ ትርጉም ቀልድ ስትሰሙ ከምስሉ ፊት ሌላ ፊት ፈልጉ፤ አነጋገሩ የተሰረቀበትን ሰው ፊት። ስድቡ የደረሰው እርሱ ዘንድ ነው።

ቀልድ ይቅር የሚል ሰው እንዳታደርጉኝ እለምናችኋለሁ። እንዲያውም ቀልዱ እንዲበረታ ነው የምፈልገው። የጎደለን ዕውቀት ነው። ታኬሺ በወረቀት ጭንብል የተተካበትን ምክንያት የሚያውቅ ተርጓሚ ቢገኝ ኖሮ፣ ያንን ለአገሩ ሰው የሚያስረዳ ቀልድ ማግኘት አያቅተውም ነበር፤ ሳቁም ከ«እብዶች ናቸው» ይልቅ የሚጠልቅ ይሆን ነበር። ባዕዱን ሞኝ ማድረግ ዕውቀት አይጠይቅም፤ ማንም ያደርገዋል። ባዕዱ በገዛ አገሩ ምን ያህል ቀልደኛ እንደሆነ በአማርኛ ማሳየት ግን ጥበብ ይጠይቃል፤ እናንተ ደግሞ ጥበቡ አላችሁ። የጃፓን ማንዛይ ውስጥ አንዱ ሲዘባርቅ ሌላው ሲያርመው አይቼ የእኛን የሁለት ሰው የመድረክ ቀልዶች አስታውሻለሁ። ያንን አዛምዶ የሚያመጣ አማርኛ አለን።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የሰውን ምስል ወስዳችሁ ድምፃችሁን ከማልበሳችሁ በፊት ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ፈልጉ፤ ዛሬ በስልክም በማሽንም ማግኘት አይከብድም፤ ሰውየው በትክክል ያለውን አንድ ጊዜ ስሙት። ከሰማችሁት በኋላ ሞኙን በማን አነጋገር ልታናግሩት እንዳሰባችሁ ለራሳችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩት፤ እዚያ አነጋገር ውስጥ ያደገ ባልደረባ ካላችሁም አስቀምጣችሁ አሰሙት። ፊቱን እዩ። ከዚያ በኋላ ቅረጹ።

ኩሬው ውስጥ የወደቀው ሰው ምን እንዳለ እኔ አሁንም አላውቅም። ጃፓንኛ የሚያውቅ ሰው ከመካከላችሁ ካለ፣ ዝግጅቱ ሲያልቅ ያነጋግረኝ፤ ምስሉ ስልኬ ላይ አለ፤ አብረን እንስማው።